ከመርፌው ማግስት የተሰጠ ደም

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑርሀን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። የጅቡቲ ሙቀት ሳይበግርሽ፣ የሆስፒታሉ ሥራ ሳያደክምሽ፣ ልጆችሽን እንደያዝሽ አላህ በጤና ያቆይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቴን ከማለት በቀር ምንም አልሆነችም፤ «ያቺ የአክስቴ የልጅ ልጅ ረሳችኝ» ብላ ወቅሳሻለች።

ሾፌሩ ዮኒስ መድኃኒቱን አድርሶልኛል። ሙቀት እንዳይነካው እንዳልሽው በጨርቅ ጠቅልሎ ከከባድ መኪናው ወንበር ሥር ነው ያመጣው። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እዚህ ፋርማሲው አንድ ወር አለ ይልሻል፣ ሁለት ወር የለም ይልሻል፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? ለምን በስልክ አትነግረኝም እንዳትይኝ ደግሞ። የኔን ስልክ ቤት ውስጥ የማይከፍተው የለም። ቮይስ ብልክልሽ ከመጋላ እስከ ሳቢያን ይሰማል። ወረቀትና ዮኒስ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ብስራቱ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ወደ ታች ወርዶ የወንድነት ሆርሞኔን እንዳደረቀው፣ ከዓምና ጀምሮም በየሦስት ሳምንቱ ቴስቶስትሮን እንደምወጋ ታውቂያለሽ። ሐኪሙ «ደምህ ውስጥ ስንት እንደደረሰ እንይ» ብሎ ምርመራ አዞልኝ ነበር። ሰጠሁ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ! ከቁጥሩ ጎን ወደ ላይ የሚያይ ቀስት አለው። ከወንዱ ሁሉ በላይ ሆኛለሁ ማለት ነው አቦ!

ሌላው፣ ስለ ሂባቅ ነግሬሽ አላውቅም። እዚህ ታይዋን ገበያ ውስጥ እኔ ቬንትሌተርና ቻርጀር እሸጣለሁ፣ እሷ ከፊት ለፊቴ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ባሏን ፈትታ ሃዎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ነው የምትኖረው። ምላሷ ምላጭ ነው፣ ልቧ ግን… ተዪው፣ ስትመጪ ታያታለሽ። ኒካ ልናስር አስበናል። ስለ ሕመሜ «በልጅነቴ ታምሜ ነበር፣ በመርፌ ድኛለሁ» ስላት «የመጀመሪያው ባሌ በአፉ ብዙ ነግሮኝ ነበር፤ አንተ በወረቀት አሳየኝ» አለችኝ። አሳየኋት። ቀስቱን አይታ እስኪበቃት ሳቀች።

ስለዚህ ዮኒስ ሲመለስ ለሂባቅ አንድ ድሪያ ቀሚስ ላኪልኝ፤ ደማቅ ቢጫ፣ ታይዋን ያልደረሰ ዓይነት። ሽቶ ብትጨምሪበትም አልጠላም።

ወንድምሽ ተማም


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ተማም፣

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ካንተም ከቤትህም ክፉን ያርቅ። እናትህን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አልረሳኋትም፣ ሥራ ነው። እዚህ ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው መተንፈስ ጀምሯል። የሂባቅን ነገር ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ምላሷ ምላጭ ከሆነ ላንተ የሚያስፈልግህ እንደዚያ ዓይነት ሴት ናት። ድሪያውን ልኬያለሁ፣ ሽቶው ይቆይ።

በቁጥርህ ግን እንዳንተ አልጨፈርኩም። ሥራዬ ደም መመርመር ነው፤ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። መርፌው በገባ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሆርሞኑ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወረደ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ያርፋል። ደመወዝ በወጣ ማግስት የማንንም ኪስ ብትፈትሽ ሀብታም ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች በሁለት መርፌ መሃል፣ በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ ደም ስጥ የሚሉት። ጠዋት ይሁን ማታ የሚለው በይበልጥ ሆርሞኑን ራሱ ለሚያመነጭ ሰው ነው። ላንተ ዋናው ቀኑ ነው።

እና የተወጋህበትን ቀንና ደም የሰጠህበትን ቀን ጻፍልኝ። የቀይ ደምህ መጠን ስንት እንደሆነም ጨምርልኝ፤ ይህ መርፌ ደም ያወፍራል፣ ልክ ካለፈ አደጋ አለው።

እህትህ ኑርሀን


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ኑርሀን፣

ሰላምታዬ ከድሬ ነፋስ ጋር ይድረስሽ፤ ሰሞኑን እንኳ ደህና እየነፈሰ ነው። ድሪያው ደረሰ። ሂባቅ ለብሳው ቀፊራ ገበያ ስንሄድ የማይዞር አንገት አልነበረም ወላሂ። «ይሄንን የመረጠችው ሴት ሞኝ አይደለችም» ብላሻለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የጠየቅሽኝን ቀን በደንብ አላስታውሰውም፤ መሃል ላይ ነበር መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ይሆናል። የቀይ ደሜ መጠን አርባ ስምንት ነው፣ ሐኪሙም ምንም አይልም ብሎኛል። ሆርሞኑ ግን በዝቷል ብሎ መርፌውን በየአምስት ሳምንቱ አደረገልኝ። መድኃኒት ይቆጠባል፣ አንቺም ዮኒስን ከማባረር ታርፊያለሽ። ጥሩ አይደል?

የሂባቅ አጎት ዓብዲ ኒካው ከዒድ በኋላ ይሁን፣ ድግሱም ትልቅ ይሁን ይላል። ጫት ሲቅም በበርጫ ላይ የጀመረው የድግስ ወሬ እስካሁን አላለቀም። ሂባቅ ደግሞ ባለፈው «ለሃዎ ስንት ወንድም እንወልድላታለን?» ስትለኝ «አላህ ያውቃል» አልኳት። ውሸት አይደለም።

መድኃኒት ለጊዜው ይበቃኛል። ይልቅ ለሃዎ ሲራመዱበት የሚያበራ ጫማ ካገኘሽ ላኪልኝ። እኔን ስታይ «አባ ቬንትሌተር» እያለች ትጮሃለች፣ ሱቁ ሁሉ ይስቅብኛል።

ወንድምሽ ተማም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ተማም፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ጫማውን ልኬያለሁ፣ ከተለቀባት ጥጥ ክተቱበት።

«መሰለኝ» የሚባል ቀን ካላንደር ላይ የለም። አንተ የምትወጋውን መጠን የሚወጋ ሰው ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አይገኝበትም። ወይ ማሽኑ ተሳስቷል፣ ወይ ሌላ ቦታ ተደብቀህ መርፌ ትደርባለህ፣ ወይ ቀኑ አንተ እንዳልከው አይደለም። ሐኪሙ ቁጥሩን አምኖ መርፌህን አራርቆብሃል። አምስት ሳምንት ላንተ ረጅም ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ ድካም፣ ላብ፣ ያለ ምክንያት ቁጣ ከመጣብህ ምን እንደሆነ አሁኑኑ እወቀው።

«አላህ ያውቃል» ያልከውንም አንብቤዋለሁ። አላህማ ያውቃል። አንተም ታውቃለህ። ልጅ የመውለድ ተስፋህ በጣም ጠባብ መሆኑን የሰማህ ቀን ደውለህልኝ አልቅሰህ ነበር፤ መርፌው ጉልበትህን ይመልሳል እንጂ ይህን አይመልስም። ሂባቅ ይህን ታውቃለች?

መልስህን እጠብቃለሁ።

ኑርሀን


ድሬዳዋ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኑርሀን፣

አላህ ሰላሙን ያብዛልሽ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ዮኒስ በመጣ ቁጥር «ደብዳቤ የለም?» ይለኛል፣ «የለም» እለዋለሁ። ከአንቺ ጥያቄ እየሸሸሁ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ። ደሙን የሰጠሁት ከመርፌው ማግስት ነው። ሐኪሙ በመሃል ና ብሎ በደንብ ነግሮኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ድካም ድካም ብሎኝ፣ ፊቴም ገርጥቶ ነበር፤ እንዲህ ሆኜ ብሰጥ ቁጥሩ ያሳፍረኛል ብዬ ተውኩት። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ? መርፌዬን ጠብቄ ተወጋሁ፣ በነጋታው ፈጢራዬን በልቼ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የፈለግኩት ለሂባቅ የማሳየው ወረቀት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ «በመሃል ነው የሰጠሁት» አልኩት።

አምስት ሳምንቱ ጨረሰኝ አቦ። መጀመሪያ ላይ አንበሳ ነኝ፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ካርቶን ማንሳት ያቅተኛል። በጥር ቅዝቃዜ ሸሚዜ በላብ ይርሳል። አንዱ ደንበኛ ቀንስልኝ ብሎ ቢጨቀጭቀኝ ቬንትሌተሩን መሬት ላይ ወረወርኩት፤ የራሴን ዕቃ! ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሃዎ እየሮጠች መጥታ ቻርጀሮቹን ደፋችብኝና ጮህኩባት። እንዴት እንደጮህኩ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እያለቀሰች ወደ እናቷ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በሱቄ በር አታልፍም። ሂባቅ «ጫት አበዛህ ወይስ ሌላ ሴት አለች?» አለችኝ። ሁለቱም አይደለም አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው ስትለኝ የተደፉትን ቻርጀሮች መልቀም ጀመርኩ።

የባሰው አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ ሐኪሙ ሁለተኛ ምርመራ አዞ ነበር። ያኔም ከመርፌው ማግስት ሰጠሁ። አንዴ ዋሽቼ አሁን ቁጥሩ ቢወርድ ምን እለዋለሁ? እንደገና ቀስቱ ወደ ላይ ሆነ። አሁን «ከዚህም እናራርቀው ይሆን?» እያለ ነው። እኔ አምስተኛው ሳምንት ላይ ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ እጄ እየዛለ ነው። ቤት ውስጥ አንቺ የላክሽው አንድ ትርፍ ብልቃጥ አለ። ልወጋው? ለሂባቅስ ምን ልበላት? ከሄደችብኝ አልችለውም ኑርሀን። ዕቃ ምንም እንዳትልኪልኝ፣ መልስ ብቻ።

ተማም


ጅቡቲ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተማም፣

አላህ ያበርታህ። ዮኒስ መኪናውን ሳያጠፋ ደጅ ቆሞልኝ ነው የምጽፈው።

ብልቃጡን እንዳትነካው። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪሙ ዘንድ ሂድና ሁለቱንም ጊዜ ደም የሰጠህበትን ቀን ንገረው። ይቆጣሃል፤ ይቆጣ። እሱ አላጠፋም፣ ያመጣህለትን ቁጥር ነው ያመነው። ወደ ሦስት ሳምንት ከመለሰህ ወዲያው ለምርመራ አትሩጥ፤ አንድ ሁለት መርፌ ይለፍና ደምህ ይርጋ። ከዚያ መሃሉ ላይ ስጥ። ደም የምትወስደዋ ልጅ የተወጋህበትን ቀን ወረቀቱ ላይ እንድትጽፈው ንገራት። ሐኪሙ ወለልህን ማወቅ ከፈለገ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከመርፌው በፊት ባለው ጠዋት ያዝልሃል።

አንተ ሰውዬ፣ የደም ምርመራ እኮ ለአማች የሚላክ ፎቶ አይደለም! ደክሞህ ከሆነ ደክሞኛል እንዲልልህ ነው የምትሰጠው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ስንቅ አልቋል።

ሂባቅን በምን ቃል እንደምትነግራት አላውቅም። ሁለት ነገር ግን አለብህ፦ የሚጎድልህ ቀን እንዳለና የልጁ ጉዳይ። ሁለቱንም ከሰው ሳይሆን ካንተ ትስማ። የተናደድኩት ስለምወድህ ነው ተሜ፤ ደብዳቤህን ሳነብ አልቅሻለሁ። ዮኒስ ጡሩንባ እየነፋ ነው።

ኑርሀን


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑርሀን፣

ረመዳን ከሪም። ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ፣ ዱዓሽ ውስጥ እኔንም አትርሺኝ፤ ዘንድሮ ያስፈልገኛል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኔ ሳክም የከረምኩት ታዲያ ማንን ነው?» አለኝ። ሌላ ክፉ አልወጣውም። ወደ ሦስት ሳምንት መለሰኝ፣ ሁለት መርፌ ካለፈ በኋላ በመሃል ና አለኝ። ረመዳን ገብቶ ስለነበር ሼኩን ጠየቅኳቸው፤ መርፌው ምግብ ስላልሆነ፣ ለምርመራ የሚወሰደውም ደም ትንሽ ስለሆነ ጾም አያፈርስም አሉኝ። ቀኑን አስጽፌ ሰጠሁ። አራት መቶ ሰማንያ። ቀስት የለውም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። ሐኪሙ «ይሄ ነው የምፈልገው» አለ።

ለሂባቅም ነገርኳት። ረመዳን ሊገባ ሰሞን፣ ሱቋን ስትዘጋ ጠብቄ፣ ሁለቱንም ነገርኳት። አንድ ቃል ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ከዚያ «የልጁ ነገር የአላህ ነው። ወረቀቱ ግን ያንተ ነው» አለችኝ። «እኔ ነጋዴ ነኝ ተማም። ከላይ ያማረውን ደርድሮ ከሥር የተበላሸውን የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። አንተን እንደዚያ አላውቅህም ነበር።» በነጋታው ድሪያውን አጣጥፋ በፌስታል መለሰችልኝ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ፊት ለፊት ተቀምጠን አታየኝም። ሰው ሲጠይቃት «ጾም ላይ ነኝ» ትላለች። እህቴ፣ አንቺ ብትጽፊላት ትሰማሻለች፤ ድሪያውን የመረጥሽው አንቺ መሆንሽን ታውቃለች። በሽታው እንዲህ ነው፣ ሰውዬው መጥፎ አይደለም በያት። እባክሽ።

ተማም


ጅቡቲ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ተማም፣

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ቁጥርህን አይቼ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።

ለሂባቅ አልጽፍላትም። ብጽፍላት አንተን የሚያሳምር ሌላ ወረቀት ነው የሚደርሳት፤ ወረቀት ጠግባለች። እኔ ብሆንም ድሪያውን እመልስልህ ነበር፣ እንዲያውም ሳላጣጥፍ።

ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ነው። የሚጎድልህ ቀን ሲመጣ አትደበቅ። አሞኛል ብለህ ሱቅህን አትዝጋ፣ ለማስመሰልም አትቀልድ። ክፈትና ተቀመጥ፤ ከፊት ለፊትህ ናት፣ ዓይን አላት። ካየችህ በኋላም ከሄደች ግን መብቷ ነው፣ ያንን መቀበል ይኖርብሃል። እናትህን ዒድ ሙባረክ በልልኝ።

ኑርሀን


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኑርሀን፣

ሰላሙ ሁሉ ወዳንቺ ይምጣ። እናቴ ደህና ናት፣ ጉልበቷም ዘንድሮ ዱዓ ሰምቷል መሰለኝ ትንሽ ተሻላት።

ያልሽኝን አደረግኩ። ከዒድ በኋላ የሚጎድለኝ ቀን ሲመጣ ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን መንገዱን ተሻግራ መጥታ፣ ሰላም ሳትለኝ «በጣም የሚጎድልህ መቼ ነው?» አለችኝ። «ቅዳሜ መርፌ ካለኝ ሐሙስና ዓርብ ነው» አልኳት። «የሚመጣውን ሐሙስ እመጣለሁ» ብላ ተመለሰች።

መጣች። ሱቋን ለጎረቤት ትታ፣ ሃዎን ይዛ፣ የቬንትሌተር ካርቶን ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጠች። አቦ እንዴት ያለ ቀን ነበር! የሚያዝያ ሙቀት፣ በዚያ ላይ እሷ። እስከ ምሳ ድረስ ቻልኩ። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ለአንዱ የብሩን መልስ መስጠቴን ረስቼ ሁለተኛ ልሰጠው ስል ሰውየው ራሱ ሳቀብኝ። ሌላዋ ስትከራከረኝ ቁጣው መጣብኝ። ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና «እህት፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ ዋጋው ይሄው ነው» አልኳት። ድሬ ሁሉ ከሰዓት ሲተኛ እኔም እዚያው ካርቶን ላይ ተጋደምኩ። ሃዎ ገመዶቹን እየጎተተች ጭንቅላቴን ስትበጠብጠኝ «ሃዎ፣ ቀስ በይልኝ፣ ትንሽ አሞኛል» አልኳት። «መቼ ይሻልሃል?» አለች። «ቅዳሜ።» «እሺ» አለችና ድምጿን ቀንሳ መጎተቷን ቀጠለች።

ሊመሽ ሲል ሂባቅ ከካርቶኑ ተነሳች። «ይሄ ነው?» አለችኝ። «ይሄ ነው» አልኳት። «የደበቅከኝ ይሄ ነው? ይሄማ አጎቴ ዓብዲ ጫት ያጣ ቀን ነው!» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፣ እንባዬ መጣ። ያኔ እሷም ሳቋን ተወች። «ስለ ልጁ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለችኝ። «ያናደደኝ ብቻዬን አልቅሼ መጨረሴ ነው። አብረን እናለቅስ ነበር እኮ።» ይቅር በይኝ አልኳት። ወዲያው ይቅር አላለችኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ አስጠብቃኝ ነው ድሪያውን ሰው ልካ የወሰደችው።

እና እህቴ፣ ኒካው ግንቦት 15 ቀን፣ ዓርብ ነው። በባቡርም ሆነ ከዮኒስ ጋር ነይ፤ ሂባቅ ቀድማ ማየት የምትፈልገው አንቺን ነው። መርፌዬ ቅዳሜ ነው፣ ኒካው ዋዜማው ላይ ዋለ ማለት ነው። እኔ እሑድ ይሁን ብዬ ነበር፤ ዓብዲም እሑድ ይሻላል ብሎ ነበር። «በሠርጌ ቀን ላብ እያጠመቀኝ፣ ካርቶን እንኳ ማንሳት የማይችል ሰው ሆኜ ልቀመጥ?» ብዬ ለመንኳት። አልሰማችኝም። «የመርፌውን ማግስት ተማም የፈለገች ሴት ታግባው» አለችኝ። «እኔ የማገባው የዋዜማውን ነው።»

ወንድምሽ ተማም